ነጠላ፣ ካልሲና የላስታ ብርድ

ስለ ላሊበላ የተጻፉ የቱሪስት መምሪያዎች ስለ ልብስ ሲመክሩ ሁለት ነገር መደጋገም ይወዳሉ፤ አገሩ ሞቃት ነው፣ ሕዝቡ ወግ አጥባቂ ነው። ስለዚህ ሳሳ ያለ ልብስ ያዙ፣ ትከሻና ጉልበታችሁን ግን ሸፍኑ ይላሉ። ምክሩ አይከፋም። ግን የጻፈው ሰው የታኅሣሥን ሌሊት ቤተ ማርያም ግቢ ቆሞ እንዳላነጋ ያስታውቅበታል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ትንሽ ከፍ ትላለች። ከራስጌዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አመሻሽ ላይ ጋራው ጀርባ ሲገባ ብርዱ ወዲያው ይተካል። ላሊበላ ላለችበት ለላስታ የሚያስፈልገው ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚችል ልብስ ነው። ወጉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን ስንት ጣት ቆዳ እንደታየ በመቁጠር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ላስታን የማውቃት ግድግዳ ላይ በሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ነበር፤ በአገሬ እንግዳ ሆኜ ነው የሄድኩት። ጊዜው ከጦርነቱ በፊት፣ መንገዱም ሰላም በነበረበት ወቅት ነው። ለገና የሰፈራችን የጉዞ ማኅበር አውቶቡስ ተኮናትሮ ነበር፤ ስንከፍል የተሰጠን ወረቀት ካነበብኩት መምሪያ ሁሉ ይሻላል፦ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስንቅ። ከታች በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ «ሱሪ የለበሰች እኅት አናሳፍርም» የሚል ተጨምሮበታል። በዚህችኛዋ ላይ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ላሊበላ የሚያደርሰው መንገድ ልብስ ያስወልቃል፣ ልብስ ያስለብሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ስንጠጣ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦታል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ከዚያ ጠመዝማዛውን ቁልቁል ተንደርድረን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከነበርንበት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ጋቢው ወንበር ሥር ገባ፣ ሹራቡ ወለቀ፣ ሾፌሩም የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ከሚሴ ላይ ወንዶቹ ሽርጥ ታጥቀው፣ ሴቶቹ በደማቅ ሻርፕ ተከናንበው ጥላ ጥላውን ይዘዋል። ማታ ደሴ ስንደርስ ጋቢው ከወንበር ሥር ተመልሶ ወጣ።

በማግሥቱም ያው ነው። ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፈን ወልድያ ድረስ ደኅና ሞቆን ሄድን። ከወልድያ ወደ ግራ ታጥፎ ድልብን መውጣት ሲጀመር አየሩ እየሳሳ፣ ጆሮ እየደነቆረ ይመጣል። ጋሸና ላይ ውኃ ሽንት ብለን ስንወርድ ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ ሊወስደው ምንም አልቀረው። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ካርታው ነው። ሰሜን ወሎ አንድ ዞን ነው፤ ቆቦ ሜዳ ላይ ሽርጥ ታጥቆ የሚውለው የራያ ሰውና ዋድላ ላይ ጋቢ ደርቦ ነፋስ የሚመክተው ገበሬ ግብር የሚከፍሉት ለአንድ ዞን ነው። መምሪያው «ሞቃት» ያለው የትኛውን ይሆን?

ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እንደገና ይወርዳል።

ለገና የሚመጣ እንግዳ ላሊበላ ላይ እግሩ ይታጠባል። የከተማው ሰዎች ውኃና ሳፋ ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ፤ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ምእመን ከሆነ ውኃው ከወግም በላይ መድኃኒት ነው። እኛ ከአውቶቡስ ነው የወረድነው፤ አቧራ እንኳ በቅጡ አልነካንም፤ ቢሆንም አልቀረልንም። ከኛ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ኮንጎ ጫማቸውን በአንድ እጅ ላጥ አድርገው እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ከተቱ። ቀጥላ የነበረችው የኛ አውቶቡስ ልጅ ግን እስከ ባቷ የሚደርስ ባለ ማሰሪያ ቡትስ ተጫምታለች፤ ከሥሩ ወፍራም ካልሲ፣ ከካልሲው ሥር ታይት። ማሰሪያውን ለመፍታት ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ወደ ሳፋው ወረደ፤ ነጠላዋን ስትሰበስብ ማሰሪያው ተቋጠረ። የምታጥባት ሴትዮ ተንበርክካ ጠበቀቻት።

«አብሽሪ እታለም፣ ማን ያጣድፈናል» አለቻት።

ልጅቱ በደረስንበት ማግሥት ገበያ ወጥታ ኮንጎ ገዛች።

አብረውን ከመጡት መካከል ትውልዳቸው ላስታ፣ ኑሯቸው ኮተቤ የሆነ አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። መንገዱን በሙሉ አንቀላፍተው መጥተው ላሊበላ ሲገቡ ግን ዓይናቸው ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ የአውቶቡሱን ሰው ልብስ የሚመረምሩት እሳቸው ሆኑ። በመጀመሪያው ጠዋት ከማደሪያችን ስንወጣ ከመካከላችን አንዱን ወጣት አስቁመው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?»

ልጁ ደነገጠ። «ኧረ ማንም እማማ! ሁሉም ደኅና ናቸው።»

«ታዲያ ጥለቱን ወደ አንገትህ ምን አወጣው? ያየህ ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናህ ሊልህ ነው እኮ።»

ነጠላውን ከላዩ ገፈው አራገፉት፤ ጥለቱን ወደ ታች አዞሩት። ከጀርባው አምጥተው የቀኙን ጫፍ በግራ ትከሻው፣ የግራውን በቀኝ ትከሻው አሳልፈው ደረቱ ላይ አመሳቀሉለት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩትና አንዱን ጎን ለጣት ያህል ዝቅ አደረጉት። «እንዲህ ነው መስቀለኛ። አሁን ሰው መሰልህ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የልጁ ጉልበትም ትከሻም ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሸፈነ ነበር። በመምሪያው ሕግ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ላስታ ውስጥ ግን ያው አንድ ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ኀዘን ይናገራል፣ ትከሻ ላይ ሲመሳቀል ለቅዳሴ መቆምን፣ ወገብ ላይ ሲታሰር ለሥራ ወይም ለመታዘዝ መዘጋጀትን። ገበያ የምትወርድ ሴት ፀሐይ ሲበረታባት ትከናነበዋለች፤ ሕፃን ሲተኛባት ታለብሰዋለች፤ ሽንኩርት ስትገዛ ጫፉ ላይ የቋጠረችውን ብር ትፈታበታለች።

ድሮ ነገሩ ከዚህም የረቀቀ ነበር። በነገሥታቱ ዘመን ከጌታው ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድግ ነበር፤ ደረቱን ገልጦ ማለት ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ አውሮጳውያን ይህን እየተገረሙ ጽፈውታል። ዛሬ በአክብሮት ስም ሸፍኑ የምንለው ትከሻ ያን ጊዜ በአክብሮት ስም ይገለጥ ነበር። ከነዚያ ተጓዦች ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ የልብስን ነገር ከሥሩ ነው የጨረሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ትግራይ ውስጥ ሲኖር ጫማውን አውልቆ፣ ሸማ ለብሶ፣ ጸጉሩን ቅቤ ተቀብቶ ከሰው ተቀላቀለ። ትዝብቱን እ.ኤ.አ. በ1853 አሳትሞታል። እኔ ቅቤውን ለማንም አልመክርም፤ የላሊበላ ፀሐይ አቅልጦ አንገት ላይ ያወርደዋል።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከአካባቢው ቀበሌዎች የሚወርደውን ሰው ለማየት ከመንገዱ በላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ገበሬው ከጉልበቱ በላይ የሚቀር ቁምጣ ታጥቋል፣ ጋቢውን ደርቧል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበታል። ባቱ፣ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱም ከፍ ብሎ ያለው ሁሉ ፀሐይ የጠገበ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲዞር ማንም አያስቆመውም። ከእርሱ ኋላ ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ፈረንጅ መጣ፤ የእርሱ ቁምጣ እንዲያውም ጉልበቱን ሸፍኖ ያልፋል። ሰው ግን ዞር እያለ ያየዋል። አብሮኝ የተቀመጠውን አስጎብኚ ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጉልበቱ ምን አደረገ» አለኝ። «የሚደርብበት ነገር የለውማ።»

ገበሬው አጸዱ ደጃፍ ሲደርስ ያደረገውን ልብ ብዬ አየሁ። ዱላውን ከትከሻው አወረደ፤ ጋቢውን ለቀቅ አድርጎ እስከ ባቱ አወረደውና ዙሪያውን አጣጥፎ ያዘው፤ ቁምጣው ጠፋ። ከበሩ ሲወጣ ጋቢው እንደገና ትከሻው ላይ ተጠቀለለ። በቀን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያደርገው እሱም የቆጠረው አይመስለኝም፤ እጁ ለምዶታል። ፈረንጁ ቢጨንቀው ሻንጣውን ከፍቶ ረጅም ሱሪ ከመፈለግ ይልቅ አንድ ጋቢ ገዝቶ ቢደርብ ኖሮ ለቅዳሴውም፣ ለብርዱም፣ ለአውሮፕላን ውስጥ እንቅልፉም ይሆነው ነበር።

ወደ ሱሪው ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አጥቢያ በር ላይ ስለ አለባበስ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይቻለሁ። ሴቶችን የሚመለከተው ረጅም ነው፤ ሱሪ፣ አጭር ቀሚስ፣ የተገለጠ ጸጉር፣ የከንፈር ቀለም እያለ ይወርዳል። ወንዶችን የሚመለከተው ካለ አንድ መስመር ነው። በር ጠባቂውም ዓይኑ ወደ ሴቶቹ ነው የሚሄደው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዘዳግም 22፥5 ነው፤ ይህ ጥቅስ ግን ወንድንም ሴትንም እኩል የሚናገር ነው። በማኅበራችን ወረቀት ላይ ያችን መስመር የጨመረውን ሰው ይህን ብጠይቀው «አባቶች ያሉት ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ላሊበላ ላይ የገጠመኝ ከዚህ ለስለስ ያለ ነው። ሰፊ ሱሪ የለበሱ የውጭ አገር ሴቶች ራሳቸውን ሸፍነው ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ካህናቱ ምንም አላሏቸውም። ያገሬውን ሴት በሱሪ ግን አላየሁም፤ የምትለብሰው ረጅም ቀሚስ ነው፣ ወገቡ ላይ መቀነት አለው፣ ራሷ ላይ ሻሽ አለ፣ ከላይ ነጠላ። ያገሩን በሬ ባገሩ ሰርዶ ነውና እኔም እንደዚያው አደረግሁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልመስክር፤ የማኅበራችን ሴቶች በገና ዋዜማ ሌሊት ቀሚሳቸው ሥር ያልደረቡት ነገር አልነበረም። ታይት የደረበች አለች፣ ጂንስ የደረበች አለች፣ የወንድሟን የስፖርት ቱታ የደረበችም አለች። ሱሪው ሳይሳፈር አልቀረም።

እውነቱን ለመናገር ለላስታ ከዚህ የተሻለ አለባበስ የለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ አለት ወደ ታች ተቆፍረው የተሠሩ ናቸው፤ ወደነሱ የሚወስደው ምድር ለምድር የተቆረጠ ጠባብ መተላለፊያ፣ ያልተስተካከለ ደረጃ፣ አንዳንዴም ጨለማ ዋሻ ነው። ቀሚስ ብቻ ከሆነ ሲወጡ ይረገጣል፣ ሲወርዱ ነፋስ ያነሳዋል። ሱሪ ብቻ ከሆነ በር ላይ ያከራክራል። ሁለቱ ከተደራረቡ ቀሚሱን በመቀነት ከፍ አድርጎ አስሮ መውጣት፣ በር ላይ ሲደርሱ ፈትቶ መልቀቅ ነው።

ቤተ ጎልጎታ በር ላይ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት አይሠራም። እዚያ ሴት ምንም ብትለብስ አትገባም። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ውጭ ቆመን ጠበቅን፤ የወጡት ደግሞ «ጨለማ ነው፣ ብዙም አያሳይም» እያሉ ሊያጽናኑን ሞከሩ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴትም ከሌሎቹ ውስጥ ሳትገባ ግቢ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። ስለዚህ ላሊበላ ላይ ሴት ከወንድ ይልቅ ውጭ የምትቆምበት ሰዓት ይበዛል፤ ለሴት ጋቢ ከነጠላ በላይ የሚያስፈልጋት በዚህም ምክንያት ነው። መምሪያዎቹ ይህን አይጽፉም።

አሁን ደግሞ ስለ እግር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ላሊበላ ላይ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ሁሉን በአንድ ቀን ልይ ያለ ሰው ማሰሪያ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ቤተ ማርያም ደጃፍ ላይ ጫማ የሚጠብቅ ወጣት ነበር። ቁጥር አይሰጥም፣ ካርድ የለውም። ጥንዶቹን አፋቸውን ወደ መውጫው አዙሮ በረድፍ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ሲወጣ ፊቱን አይቶ ጫማውን እግሩ ሥር ያደርስለታል። ፈረንጆቹ በሙሉ አንድ ዓይነት የተራራ ጫማ ስለሚያደርጉ እነሱን እንዴት እንደሚለይ ጠየቅሁት። «በካልሲያቸው» አለኝ ሳይስቅ።

ካልሲው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ምንጣፉ ውስጥ ደግሞ ቁንጫ አለ። ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው ጥቂት ነው፤ ስለ ቅዱስ ቦታ እንዲህ ማውራት የሚያሳፍር ይመስላቸዋል። እማማ አላፈሩም። ከመግባታችን በፊት ሴቶቹን ሰብስበው የታይታችንን ጫፍ ካልሲው ውስጥ እንድንከት አዘዙን፤ ካልሲውም ነጭ ይሁን አሉ፣ የሚዘልለው እንዲታይ። ቡናማ ካልሲ ያደረገችው ማታ ቁርጭምጭሚቷን እያከከች አደረች። ወንዶቹ ምክሩን ንቀውት ነበር፤ በማግሥቱ ካልሲ የሚሸጥ ሱቅ የት እንዳለ የሚጠይቁት እነሱ ሆኑ።

ካልሲ ሌላም ችግር አለበት፤ አለቱ በስንት ዘመን እግር ተሞርዶ ለስልሷል፣ ያንሸራትታል። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ባለበት ወገን ካለው የጨለማ ዋሻ ስንገባ ባትሪያችንን አጥፍተን ግድግዳውን በእጃችን እየዳሰስን ነው የሄድነው፤ ወጉ እንዲያ ነው፣ ዋሻው የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ከኋላዬ የነበረው ሰው ነጠላዬን ይዞ ይከተለኛል፤ የእርሱን ነጠላ ሌላው ይዟል። መጨረሻው ላይ ብርሃን ሲታይ ያንሸራተተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የፊተኛውን ነጠላ ስለያዘ አልወደቀም።

ነጠላ ሳይይዝ የመጣ እዚያው ይገዛል። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ሁሉም ነጭ ሰቅለዋል፤ ልዩነቱ ከሩቅ አይታይም። አንዷ ባለሱቅ ሁለት ነጠላ ወደ ፀሐዩ ዘርግታ አሳየችኝ። የመጀመሪያው ክሩ ሁሉ እኩል ነው፣ ያብለጨልጫል፤ የፋብሪካ ነው። ሁለተኛው በብርሃን ሲታይ ማጉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። «ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ማጉ ግን የእጅ ፈተል ነው» አለችኝ። «ይኼኛው መጀመሪያ ይሻክርሻል፣ ታጥቦ ታጥቦ ይለሰልሳል። ያኛው መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከታጠበ ያልቅለታል።» ዋጋው የእጥፍ እጥፍ ልዩነት አለው። ቱሪስቶቹ የትኛውን እንደሚገዙ ብጠይቃት ጥለቱ ደማቅ የሆነውን ነው አለች። ወንዶቹ ጋቢ ይገዛሉ፣ አገራቸው ሲገቡ አልጋ ልብስ ያደርጉታል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ላስታ ላይ ያለ እሱ ሌሊት መቆም ጀግንነት አይባልም።

እነዚያ ሱቆች ከዚያ በኋላ ክፉ ዘመን ገጥሟቸዋል። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ ከተማዋን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጣት፤ ዳግም ቀና ልትል ስትል ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱን የያዘች ከተማ የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ እንግዳ ሲቀር ነጠላውም የሰቀሉት እንደተሰቀለ ይቀራል። አሁን የሚሄድ ሰው ነጠላውን ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ሳይሆን ከዚያ ቢገዛ ደስ ይለኛል።

የገና ዋዜማ ሌሊት ሰው ሜዳውንም፣ የጉድጓዱን ዙሪያም፣ አለቱንም ሞልቶታል። ብርዱ ከላይ ከሚመጣው ይልቅ ከታች የሚመጣው ይከፋል፤ አለቱ የቀኑን ሙቀት ቶሎ ይተፋና ከተቀመጠ ሰው ሙቀት መውሰድ ይጀምራል። የለመዱት ምእመናን ማዳበሪያ ይዘው ነው የመጡት፤ ማዳበሪያውን አንጥፈው፣ ጋቢያቸውን ከራስ እስከ እግር ተከናንበው ሁለት ሦስት ሆነው ይጠጋጋሉ። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ አባት የጋቢያቸውን አንድ ጎን አንስተው «ግቢ ልጄ» አሉኝ። የሹራቤን፣ የጃኬቴንና የነጠላዬን ብዛት እያዩ ደግሞ «ይህን ሁሉ ደርበሽ እንዴት በረደሽ?» ብለው ሳቁ። መልሱን ራሳቸው ነገሩኝ፤ ጃኬት እጅና ደረትን ያሞቃል፣ ሲቀመጡ ግን ጉልበትና እግር ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ጋቢ ተቀምጦ ለሚያድር ሰው የተሠራ ልብስ ነው።

ጠዋት ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ሲጀመር ካህናቱ ከፊሎቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የአለት ግንብ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ቤተ ማርያም ግቢ ተሰልፈው ይቀባበሉታል። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ጥምጣም፣ ትከሻ ላይ ባለ ቀይ ጥለት ሸማ፣ እጅ ላይ ጸናጽልና መቋሚያ፤ ሲያጎነብሱና ቀና ሲሉ ጥለቶቹ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሌሊቱን ብርድ ያንቀጠቀጠን ሰዎች ጥላ ፍለጋ መሯሯጥ ጀመርን። ጋቢው ታጥፎ ራስ ላይ ተጫነ፤ ሴቶቹ ጃንጥላ ዘረጉ። ባርኔጣ ያደረጉ የውጭ አገር ወንዶች ካህናቱ ፊት ማውለቅ እንዳለባቸው አስታውሰው አናታቸውን አስጠበሱ። ጸጉሩ ለሳሳ ወንድ ለላሊበላ ጃንጥላ እመክራለሁ፤ አያሳፍርም፣ ካህኑም ይይዛል።

ከበዓሉ በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጣን። ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸ፣ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሽቅቡ ያስልባል፤ ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ላቡ ጀርባ ላይ ይቀዘቅዛል። ሽቅብ ሲወጡ ጋቢን ወገብ ላይ ማሰር፣ ሲደርሱ መደረብ ነው። እማማ ከሁላችን ቀድመው ነው የደረሱት፤ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ ናት።

የቀረው ጉዳይ ቀይ አቧራው ነው። የላሊበላ አለት አቧራ ነጭ ልብስ ላይ ሲያርፍ እንደዋዛ አይለቅም፤ ሸሽገው አዲስ አበባ ያደረሱት ብዙ ሰዎች ነጠላቸው ሮዝ ሆኖ እንደቀረ አውቃለሁ። ማደሪያችን ውስጥ ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረችና ነጠላዬን ወዲያው ውኃ ውስጥ ልከተው ስል ከእጄ ነጠቀችኝ። አቧራው ሳይደርቅ ከታሸ ክሩ ውስጥ ይገባል አለችኝ፤ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በዱላ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል፣ ከዚያ ነው ውኃ የሚነካው። በረኪና እንዳላስነካው አስጠነቀቀችኝ፤ ጥለቱን ይበላዋል።

እናቷ በእንዶድ ያጥቡ እንደነበር ነገረችኝ። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ሲፈጭ አረፋ ያወጣል፤ ሸማ ከሳሙና በፊት የሚነጣው በእርሱ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነው ፍሬው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት። ይህን ስነግራት ብዙም አልገረማትም። «እጅም ይፈጃል» አለችኝ። እሷ የምታጥበው በዱቄት ሳሙና ነው፤ እንዶድ የሚለቅም ሰው ጠፋ ትላለች።

ነጠላው በማግሥቱ ታጥፎ ተሰጠኝ፤ ከጥለቱ አጠገብ ካለች ስስ ቀይ መስመር በቀር ነጭ ነበር። ከነገረችኝ ዋጋ በላይ ልጨምርላት ስል ጭማሪውን መለሰችልኝና ለፋሲካ ተመልሼ የምመጣ ከሆነ በልግ ስለሚሆን ጃንጥላና ኮንጎ እንዳልረሳ፣ ነጠላም ሁለት እንድይዝ መከረችኝ፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይለበሳል።